አሥራ ሦስተኛው ፍሬን

ፈረንሳይ ለጋሲዮን ሰፈር በቶርኖ ማሽን ብረት የሚቀርጸው አብደላ በሥራው ቀልድ አያውቅም። ሲ.ኤም.ሲ ሰፈር ያሉ ወጣት መሐንዲሶች ቁልቁለት ላይ የማይንሸራተት ተሽከርካሪ ወንበር ሊሠሩ ሲነሡ፣ የፍሬኑን ብረት እንዲሠራላቸው ለመኑት። እሺ ያለው ለሚስቱ ለዘሊካ ብሎ ነው። እግሯ ከከዳት ወዲህ የሰፈሩን ቁልቁለት ወርዳ አታውቅም፤ ወንበሩንም መጀመሪያ የምትሞክረው እሷ እንደምትሆን ቃል ገብተውለታል።

ልጆቹ ሠርተን እንሞክር፣ ሞክረን እንቀይር ባዮች ናቸው። የፍሬኑን ሥዕል ክላውድ በሚሉት የኢንተርኔት ማስቀመጫ ላይ በየሳምንቱ ይቀያይሩታል። የአብደላ ስልክ ኢንተርኔት የማይከፍት ባለቁልፍ ስለሆነ፣ የቡድኑ መሪ ሔራን በወረቀት አትማ ትልክለታለች። አሥራ አንድ ጊዜ ቀየሩት፤ እሱም እያጉረመረመ አሥራ አንድ ጊዜ እንደገና ሠራው።

አሥራ ሁለተኛውን በጨርቅ ጠቅልሎ ሲወስድላት ሔራን ደነገጠች።

«ጋሽ አብደላ፣ ወንበሩን እኮ ከተውነው ሳምንት አለፈው! ክላውዱ ላይ ስለተጻፈ ሁሉም ሰው አይቶታል ብዬ…» አለች።

«ለካ እኔ ከሰው አልተቆጠርኩም» አለና ብረቱን መልሶ ጠቀለለው።

ቤት ሲደርስ ዘሊካ በሩ ላይ ተቀምጣ ትጠብቀው ነበር።

«ወደዱት?»

«ወደዱት። ግን ሥዕሉን ደግሞ ቀየሩት» አላት፣ ዐይኗን ሳያይ።

«እነዚህ ልጆች!» ብላ ሳቀች። «አይዞህ፣ አሁን የምትሠራው የመጨረሻው ይሆናል።»

በማግስቱ አብደላ ቶርኖውን አስነሣና፣ ማንም ያላዘዘውን ፍሬን መሥራት ጀመረ።