ካርቶን መነጽር ውስጥ የገባሁበት ጫካ

ዲላ ስማር ኮምፒውተር ጠላቴ ነበር። ከገጠሯ ወርቃ ስመጣ ማውዝ ነክቼ አላውቅም፤ ከክፍላችን ሁሌ መጨረሻ የምወጣው እኔው ነኝ። ሁለተኛ ዓመት ላይ ቲቸራችን ቢሯቸው ጠሩኝና፣ "የተግባር ፈተናውን ካላለፍሽ ሌላ ትምህርት ክፍል ትዛወሪያለሽ፤ እኔም ልረዳሽ አልችልም" አሉኝ። ኮምፒውተር ነው የምማረው ብዬ አገር ምድሩን አስወርቻለሁ። አሁን ምን ብዬ ልመለስ?

ፈተናው ጨዋታ ነበር። ስልክ ካርቶን መነጽር ውስጥ ይከተትና ዓይን ላይ ይታሰራል። ያኔ ክፍሉ ይጠፋና ጫካ ውስጥ ትቆማላችሁ። አንገት ስታዞሩ ጫካውም አብሮ ይዞራል፤ በእጃችሁ የያዛችሁትን ቁልፍ ስትጫኑ ትራመዳላችሁ። ሥራው በአስር ደቂቃ ውስጥ ምንጩን ፈልጎ፣ ውሃ ቀድቶ መመለስ ነው። እናንተ የምታዩትን ሌላው ተማሪ ግድግዳ ላይ በፕሮጀክተር ያየዋል።

ከእኔ በፊት የገባው አንድ የአዲስ አበባ ልጅ ነበር፤ በጌም ያደገ፣ "ማውዟ አትነክስሽም እኮ" እያለ የሚያበሽቀኝ። ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለውን፣ ሰሜንን የሚያሳይ የአቅጣጫ ቀስት ይዞ ገሰገሰ። ገደል አፋፍ ሲደርስ ዞረ፣ አሁንም ዞረ፣ እዚያው ዛፍ ሥር ሦስቴ ተመለሰ። ሰዓቱ አለቀ። እሱ ያቃተውን እኔ ልወጣው?

ተራዬ ደረሰ። ጨዋታው የሚጀምረው አንድ ጓሮ በር ላይ ነው። እኔ ሆዬ፣ ወርቃ ያለሁ መስሎኝ ቆምኩና ጮክ ብዬ፣ "ቤቶች! እንዴት ዋላችሁ?" አልኩ። መልስም ጠበቅኩ። የሰው ጓሮ ሳይጣሩ ዘው ማለት እኛ ጋ ነውር ነዋ! ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። "ግቢ፣ ምሳ እየቀረበ ነው!" አለ ያ ልጅ። ወይኔ ጉዴ! በመነጽሩ ውስጥ ፊቴ ጋለ።

"አንድ ደቂቃ አለፈ" አሉ ቲቸር።

ተናደድኩ። ንዴት ደግሞ ለእኔ መድኃኒት ነው፤ ፍርሃቴን ያባርርልኛል። ቀስቱን ተውኩት። እንሰትና ቡና በተጠላለፈበት ተዳፋት ያደገ ሰው ሩቅ አይታየውም፤ የሚያየው እግሩ ሥር ያለውን ነው። እኛ ጋ መንገድ ከላይ ነው፣ ውሃ ከታች። መንገድ የጠፋው ሰው ቁልቁለቱን ይፈልጋል እንጂ ስለ ሰሜን ማን ይጨነቃል! አጎንብሼ መሬቱን አየሁ። ጎርፍ የቦረቦራት ቀጭን ቦይ አገኘሁና እሷን ይዤ ወረድኩ። ገደሉን በጎኑ አለፍኩት። ትንሽ ቆይቶ በግራ ጆሮዬ የውሃ ድምፅ መጣ። ቀዳሁ፤ ያችኑ ቦይ ይዤ ሽቅብ ወጣሁና ጓሮው በር ላይ ቆምኩ። ሁለት ደቂቃ ተርፎኝ ነበር። እሰይ! እንዲያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። መነጽሩን ሳወልቅ የሳቀብኝ ሁሉ ቆሞ ያጨበጭባል፤ ያ ልጅማ ጠረጴዛ ይደበድባል።

ለካ ቲቸርም ጨዋታውን ጨርሰውት አያውቁም።

"የትም አትሄጂም፣ እዚሁ ከእኛ ጋር ነሽ" አሉኝና መነጽሩን ራሳቸው አጠለቁት። በሰው ሁሉ ፊት እጃቸውን ዘርግተው ቆሙ።

"በይ እስቲ፣ ወዴት ልሂድ?"

"ቀስ ይበሉ፣ ቲቸር" አልኳቸው። "መጀመሪያ መሬቱን ይዩ።"