አሥራ አንድ ሰዓት የሚዘጋው ሱቅ

የፋሲካ ማግስት ሰኞ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ መርካቶ ከራጉኤል ጀርባ ሰሃንና ብርጭቆ የምትሸጥ አንዲት ሴት በወንድሟና በሌሎች ሁለት ሰዎች ተይዛ ከሱቋ ወጣች። ታክሲ ውስጥ አስገብተው ሆስፒታል ወሰዷት። በረድፉ ካሉት ሱቆች በዚያ ጠዋት የተከፈቱት ሁለት ብቻ ነበሩ፤ የእሷና ፊት ለፊቷ ፔርሙዝ የሚሸጠው ሰው ሱቅ።

እኔ አልነበርኩም። ያየው ባለ ፔርሙዙ ነው። "ወላሂ አልታገለችም። አንድ እግር ጫማዋ ወልቆ ቀረ፣ እሱን ለሹፌሩ ያቀበልኩት እኔ ነኝ" አለኝ። ወንድሟንም ጠየቅኩት። ጫማውን አላስታወሰም፣ የቀረውን ግን እንደዚያው ተናገረ። ብዙ ዓመት ጋዜጣ ላይ ስለሠራሁ አንዱ ያየውን ሌላው ሳያረጋግጥልኝ መጻፍ አልወድም። ይህንንም የምጽፈው በዚያው መንገድ ነው።

ከእሷ ጋር ያገናኘን ሕመም ነው። ሁለታችንም ሐኪሞች ባይፖላር የሚሉት አለብን። አንድ ሰሞን ሰው ከልክ በላይ ይፈነጥዛል፣ እንቅልፍ አያስፈልገኝም ይላል፣ ያለውን ይበትናል። ሌላ ሰሞን ፊቱን ለመታጠብ ከአልጋ መነሣት ያቅተዋል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አማኑኤል አካባቢ በአንድ እድር ዕቃ ቤት እንሰበሰባለን። ድንኳኑ ተጠቅልሎ ጥግ ላይ ተጋድሟል፣ ትልልቆቹ ድስቶች ተደራርበዋል፤ እኛ ለለቅሶ በሚወጡት አግዳሚዎች ላይ ተቀምጠን ስለ እንቅልፍ እናወራለን። ሐኪም የለንም። ሰብሳቢያችን አብነት ሰፈር ልብስ የሚሰፉ ሽማግሌ ናቸው፣ ከሁላችንም በፊት የታመሙ። ቦታውን የፈቀደልን የእድሩ ዳኛ ለአባላቱ የነገራቸው የቁጠባ ማኅበር እንደሆንን ነው። እውነቱን ቢናገር ቁልፉን እንደሚነጥቁት ያውቃል።

ክኒን መዋጥ ቀላሉ ነገር ነው። ከባዱ ሌላው ነው፤ በሰዓቱ መተኛት፣ በሰዓቱ መነሣት፣ በእግር መሄድ፣ ጫትና መጠጥ አለመንካት፣ ከቀትር በኋላ ቡና አለመቅመስ። ሲሰሙት የመነኩሴ ኑሮ ይመስላል። እንቅልፍ ያጣንበት አንድ ሳምንት የዓመት ድካማችንን እንደሚያፈርስ ግን ሁላችንም ደርሶብን አይተነዋል። እኔ የማታ ተራ አልገባም ብዬ ከአለቃዬ ጋር ተኳርፌያለሁ። እሷ ደግሞ ሱቋን አሥራ አንድ ሰዓት ትዘጋ ነበር።

መርካቶ ላይ አሥራ አንድ ሰዓት ከሥራ የወጣው ሁሉ የሚጎርፍበት ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት በሩን የሚዘጋ ወይ ሐዘን ደርሶበታል ወይ ከስሯል። መጀመሪያ ሰሞን የረድፉ ነጋዴዎች "ማን ሞተ?" ብለው ጠየቋት። "ማንም አልሞተም፣ እንቅልፌ መጣ" አለቻቸው። ሕመሟን አልነገረቻቸውም። ከዚያ ወዲህ መዝጊያው ወርዶ ሲጮኽ "ዶሮዋ ሰፈረች!" ይሉ ነበር፣ ከዶሮ ጋር የምትተኛ ለማለት። እሷም "እናንተም ስፈሩ፣ ኩኩሉ ስል እቀሰቅሳችኋለሁ" ብላቸው አማኑኤል ሰፈር ወዳለው ቤቷ በእግሯ ትሄዳለች።

ሌላው የምትታወቅበት ነገር ምራቂ አለመስጠቷ ነው። መርካቶ ላይ ስድስት ብርጭቆ የገዛ ሰው አንድ ማንኪያ ወይም አንድ የሻይ ማጥለያ ሳይጨመርለት አይሄድም። ከእሷ ዘንድ ግን "መርቂልኝ" ያለ ሁሉ "እግዜር ይመርቅህ" ተብሎ ይሸኛል። ብርጭቆዎቹን የምትጠቀልለው በአሮጌ ጋዜጣ ነበር። "የእናንተ ወረቀት ጥሩ ነው" ትለኝ ነበር። "ብርጭቆ ያድናል። ሌላ ጥቅሙን እስካሁን አላየሁም።"

ሱቁ የአባታቸው ነበር። አባትየው ሲሞቱ ለእሷና ለታናሽ ወንድሟ ቀረ፤ ያቆመችው ግን እሷ ናት። ወንድሟ የኋላ ኋላ ሌላ ሥራው ሲቆምበት ነው የገባው።

የዐቢይ ጾም መጀመሪያ ላይ አንድ ቅዳሜ ይዛው መጣች። አግዳሚው ላይ አጠገቧ አስቀመጠችው፤ ተነሥታ ቆማ ተናገረች።

"ሲጀምረኝ እኔ አላውቀውም። እንዲያውም ከመቼውም የበለጠ ደህና የሆንኩ ነው የሚመስለኝ። ስለዚህ ደህና ሳለሁ ስሙኝ። ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ሱቅ ውስጥ ካያችሁኝ፣ ምራቂ መስጠት ከጀመርኩ፣ አንድ ሌሊት ሳልተኛ ካደርኩ እንዳታምኑኝ። በማግስቱ ሐኪም ዘንድ ውሰዱኝ። ቶሎ ከተደረሰልኝ መድኃኒቴ ተስተካክሎ ቤቴ እተኛለሁ። ከዘገየ ግን ሰው እያየኝ ነው የምወሰደው። ያ ከሆነ በዚያ ሰፈር ነጋዴ ሆኜ መቆም አልችልም።"

ልብስ ሰፊው ወደ ወንድሟ ዞሩ። "ሰማህ ልጄ?"

"ሰምቻለሁ ጋሼ። እንደ ዓይኔ ብሌን ነው የምጠብቃት።"

"ዓይንህን ተወው። እንቅልፏን ጠብቅላት።"

ተሳቀ። እሱም ሳቀ።

በሰሙነ ሕማማት ሰኞ ወንድሟ "እታለም፣ ይቺን ሳምንት ብቻ እስከ ሦስት ሰዓት እንቆይ" አላት። ይህን ሁለቱም ነግረውኛል። መጀመሪያ እንቢ አለች። "በአንቺ እንቅልፍ የተነሣ ልጆቼ በዓል አይዋሉ?" አላት። ይህንን የነገረችኝ እሷ ብቻ ናት። ከዚያ ማታ ጀምሮ ቆየች።

ጸሎተ ሐሙስ ከሥራ ስወጣ ስልክ ደወልኩላት፤ ሳቋ ከንግግሯ ይቀድም ነበር። ቀጥታ ወደ ሱቁ ሄድኩ። ደጃፉ በሰው ተጨናንቋል። ዱካ ላይ ቆማለች፤ እያንዳንዱን ገዢ በሩቁ ትጠራለች፣ ከሦስት ሰው ጋር በአንድ ጊዜ ዋጋ ትከራከራለች፣ ለሦስቱም ትሸጣለች። አንድ ሰሃን ለገዛች ሴት ማጥለያ ጨመረችላት፤ ሴትዮዋ አመስግና ሳትጨርስ ትሪም ደረበችላት። ከማዶ "ዶሮዋ ነቃች!" እያሉ ያጨበጭባሉ። በዚያ ገበያ ውስጥ ከእሷ የበለጠ ጎበዝ ነጋዴ አልነበረም። ይህ ሕመም ሌላ ቦታ ሰው ያስደነግጣል፤ መርካቶ ላይ ግን በበዓል ሰሞን ሰው ይቀናበታል።

"ጋዜጠኛው! ና፣ ና፣ ና! ዛሬ እኔን ጻፍ!"

"እትዬ፣ ትናንት ተኝተዋል?"

"ጌታ ተይዞ ሲያድር እኔ ልተኛ? አንተ ሰው አይደለህም!"

"ክኒንዎስ?"

"አክፍያለሁ። እስከ እሁድ እህል ውሃ የለም። ክኒን ያለ ውሃ በየት ይወርዳል? እስቲ አንተ የምታውቅ ንገረኝ!" ገዢዎቹ ሳቁ። ከዱካው ወርዳ በመዳፏ ትከሻዬን መታች። "አንተ የቅዳሜ ሰው ነህ። ዛሬ ሐሙስ ነው።"

ወንድሟ ከውስጥ ገንዘብ ይቀበላል። ሄጄ አጠገቡ ቆምኩ።

"የነገረችን ነገር ሁሉ እየሆነ ነው" አልኩት።

"በዓል ነው ወንድሜ። በዚህ ሳምንት መርካቶ ውስጥ ማን ተኛ?"

"ምራቂ እየሰጠች ነው።"

"አይቻለሁ።" አንገቱን ሳያቀና ነው የመለሰልኝ። "እሁድ ይለፍ። ከዚያ እኔ ራሴ እወስዳታለሁ።"

ይህን ቃል እቤቴ እንደደረስኩ ጻፍኩት፤ የሰማሁት በትክክል ይህንኑ ነው።

ዓርብ፣ ከስግደት መልስ፣ ልብስ ሰፊውን ይዤ ተመለስኩ። እሳቸውን ታከብራቸዋለች፤ እጃቸውን ስማ ስድስት ብርጭቆ በጋዜጣ ጠቅልላ አስታቀፈቻቸው። "ነገ ጠዋት አብረን ሐኪም ዘንድ እንሂድ" አሏት። "ከበዓል በኋላ ጋሼ፣ ለእርስዎ ስል የትም እሄዳለሁ!" አለች። ወንድሟ ከኋላዋ "ሰምተዋል፤ ራሷ ከበዓል በኋላ ብላለች" አለ። በግድ ልንወስዳት ዘመዶቿ አይደለንም፤ ወንድሟ ነበር ዘመዷ። ልብስ ሰፊው ብርጭቆዎቹን ባንኮኒው ላይ መለሱ፤ ወጣን።

ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ተለያየን፤ ሦስት ሰዓት ላይ ሁለታችንም መተኛት አለብን። እንዲህ ያለ ስብሰባ አንድ ችግር አለው፣ ማንም አይናገረውም። አንዱ ሌሊቱን ሲያነጋ ሌላው አጠገቡ ቁጭ ብሎ ቢያድር ጠዋት የሚወሰዱት ሁለት ይሆናሉ። ስለዚህ ጓደኛችን ስትወድቅ እያየን ቤታችን ሄደን እንተኛለን። ይህን ለመጸጸት አልጻፍኩትም፤ ደንባችን ይህ ነው፣ ትክክልም ነው። ግን ይመርራል።

ቅዳሜ ስልኳ ዝግ ነበር። ሰኞ ጠዋት ከላይ እንደጻፍኩት ሆነ። ባለ ፔርሙዙ አንድ ነገር ጨመረልኝ፤ "መደርደሪያው ባዶ ነበር። ባዶ ሱቅ ከፍታ ሰው ትጠራለች።"

ወንድሟን ለምን ሰኞ እንደሆነ ጠየቅኩት። "የሰው በዓል አልረብሽ ብዬ ነው" አለ።

ከረድፉ ሊጠይቃት የሄደ የለም። በዚያው ሰፈር እግሩ የተሰበረ ሰው ቢተኛ ብርቱካን ይዞ የማይሄድ አይኖርም፤ ዓይን አውጥቶ የሚቀርም ይወቀሳል። እሷ የተኛችበት ግቢ ለሁሉም በእግር ቅርብ ነው። ሲያልፉ መንገድ ይሻገራሉ። ስሟንም ቀየሩት፤ ዶሮዋ መባሉ ቀርቶ "ያቺ እብዷ" ሆነች። ሐሙስ ያጨበጨቡላት እነሱው ናቸው።

እኛ ሄድን። ፊቷ አብጦ፣ ምላሷ ከብዷት ነበር። "ምራቂ ሰጠሁ?" አለች።

"ሰጥተዋል እትዬ።"

"ብዙ?"

"ለእኔ ብቻ ስድስት ብርጭቆ" አሉ ልብስ ሰፊው። "መልሻለሁ፣ አትስጊ።"

ትንሽ ሳቀች። ከዚያ "ወንድሜ አላየም እንዴ?" ብላ ጠየቀች።

ልብስ ሰፊው ወደ እኔ አዩ። ያየሁትንና የሰማሁትን ነገርኳት፤ ሐሙስ ያለኝን ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

የወጣችው ከጰራቅሊጦስ በኋላ ነው። የሱቁ ቁልፍ ተቀይሮ ጠበቃት። "ለአንቺው ብዬ ነው እታለም፣ ሐኪሙም ዕረፊ ብሏል" አላት ወንድሟ። በአማላጅ ሦስት ጊዜ ተቀመጡ። አማላጆቹ እሱን እየሰሙ እሷን እንደ ሕፃን እያባበሉ ሄዱ። እኔን ምስክር አድርጋ ጠርታኝ ነበር። አንደኛው ሽማግሌ "አንተስ ከእሷ ጋር በምን ትተዋወቃለህ?" አለኝ። ነገርኩት። ከዚያ በኋላ የጠየቀኝ ሰው የለም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች። ክኒኗን በሰዓቱ ትውጣለች፣ ከአማኑኤል እስከ አብነት በእግሯ ሄዳ ትመለሳለች፣ ትተኛለች። ሱቁ ደጃፍ ላይ ዱካ ተሰጥቷት ብርጭቆ በጋዜጣ ትጠቀልላለች፤ ዋጋ የሚናገረውም ቁልፉን የያዘውም ወንድሟ ነው።

ለዘመን መለወጫ ሳምንት ሲቀረው ሄጄ ነበር። ገበያው ደርቷል። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን እጇን አራግፋ ተነሣች።

"እታለም፣ የበዓል ሰሞን አይደል? ትንሽ ብትቆዪ" አላት ወንድሟ።

ነጠላዋን ለብሳ ወደ አማኑኤል ሄደች። ሱቁ የተዘጋው ሦስት ሰዓት ከሩብ ነው፤ የነገረኝ ባለ ፔርሙዙ ነው፣ ወንድሟም አረጋግጦልኛል።