ደንበኛዬ ሌላ ደንበኛ ያዘ

ገዢውም ሻጩም እርስ በርስ «ደንበኛዬ» ይባባላሉ። ለብዙው ሰው ቃሉ ዋጋ ማስቀነሻ ነው። አብነት ሰፈር ሶፋ የሚሠራው ተስፋሚካኤል ግን እንደ ተክሊል ቆጥሮት ኖሯል።

ስፖንጅ የሚያመጣለት ጃፋር ብቻ ነበር። ሌላ ነጋዴ ዋጋ ሊነግረው ብቅ ካለ፣ ባለትዳር ሴት ጎረምሳ እንደምታባርር «እኔ ደንበኛ አለኝ!» ብሎ ያባርረዋል። ጃፋር ቢታመምስ፣ ዕቃ ቢያጣስ ብሎ አስቦ አያውቅም። ንዑስ ከበርቴ እንዲህ ነው፤ ትዳሩን በሒሳብ፣ ንግዱን በፍቅር ይመራል።

ዘንድሮ ትልቅ ሲሳይ መጣለት። ልደታ ፍርድ ቤት አጠገብ ቢሮ ያላቸው ጠበቃ ኃይለመለኮት ለእንግዳ መቀበያቸው ሶፋ አዘዙት። እሳቸው ከወደዱት ፎቁ ላይ ያሉት ጠበቆች ሁሉ እሱ ጋ ሊያሠሩ ተስማምተዋል። ከሚሠራባት ጠባብ ቤት ወጥቶ ዋናው መንገድ ላይ ሱቅ መክፈቻው ይኸው ነበር።

በዚያው ሰሞን የጃፋር አይሱዙ ከፊት ለፊቱ፣ ሀረገወይን የምትባል ሶፋ ሠሪ በር ላይ ቆሞ አየ። መዶሻውን ጥሎ ወጣ።

«እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«እንደምታየኝ ነው ተስፍሽ፤ ዕቃ አወርዳለሁ» አለ ጃፋር።

«ለሷ?»

«ለደንበኛዬ።»

«ደንበኛህማ እኔ ነኝ!»

«ወንድሜ፣ ስፖንጅ ነው የምሸጥልህ። ኒካህ አላሰርንም እኮ!»

ሀረገወይን የስፖንጁን ጥግ በምላጭ እየቀደደች ውስጡን ታያለች። «ምን ያንጨረጭርሃል?» አለችው። «እኔ ከሌላም እገዛለሁ። ጃፋርም ያውቃል፣ ያኛውም ያውቃል። አንዱ ሲያጣ ከሌላው እወስዳለሁ።»

«አንቺማ ምን ታማኝነት ታውቂያለሽ!» አላት። ለጃፋር ደግሞ «ሁለተኛ ደጄን እንዳትረግጥ!»

እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ቅናት ግን ምስክር ይፈልጋል። ስሙን እንኳን በቅጡ የማያውቀውን አንድ ስፖንጅ ነጋዴ ፈልጎ አገኘና፣ ጃፋር ወደ ሀረገወይን በሚመጣበት ቀን እንዲያራግፍለት አዘዘው። ሁለቱ መኪኖች ፊት ለፊት ቆሙ።

«ኧረ ቅደድና እየው!» ብላ ጮኸች ሀረገወይን።

«እኔ ደንበኛዬን አምናለሁ!» አለ ተስፋሚካኤል፣ ጃፋር እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አድርጎ። ጃፋር ስልክ እያወራ ነበር፤ ቀና ብሎም አላየ።

የስፖንጁ ላይ ላዩ ነጭ፣ ውስጡ በሙጫ የተጣበቀ ብጥስጣሽ ኖሯል። ደልደል ያሉት ኃይለመለኮት ለጥቂት ቀን እንደተቀመጡበት፣ በዚሁ ስፖንጅ የተሠራላቸው ሶፋ ሟሸሸና እንጨቱ ጎናቸውን ወጋቸው። አስጠሩት።

«ይሄ ሶፋ ነው ወይስ የተከሳሽ ሳጥን?»

«ጋሼ፣ ስፖንጁን ልቀይርልዎት።»

«ደንበኞቼ ቆመው ይጠብቁህ? ሥራውን ከፊት ለፊትህ ላለችው ለሀረገወይን ሰጥቻለሁ። የጎረቤቶቼንም የምትሠራው እሷ ናት።»

ሌላ ሰው ቢሆን ስለ ሱቁ ያለቅስ ነበር። የእኛ ሰው ፊቱ በርበሬ መስሎ፣ «ስፖንጁን ከጃፋር ነው የምትወስደው?» ሲል ጠየቃቸው።

«እኔ በምን አውቃለሁ?»

«እንግዲያው አንድ ነገር ይለምኑልኝ ጋሼ፤ ከሌላኛው ደንበኛዋ ትውሰድ።»