ከማጠቢያ ቤቱ ጀርባ ያለው ባዶ መሬት

በሞሌፌ ሚሲዮን የቄሱን ልብሰ ተክህኖና የመሠዊያውን ጨርቅ ለሠላሳ አንድ ዓመት ያጠበችው ማሌሬኮ ናት። ስሟ የሌሬኮ እናት ማለት ነው። በሌሶቶ ወግ አማቶቿ ይህን ስም ያወጡላት ሙሽራ ሆና በገባችበት ዕለት፣ ሌሬኮ ገና ሳይጸነስ ነው። የአባቷ ቤት ስም ከዚያ ወዲያ ተረሳ።

ሌሬኮ ግን ሳያለቅስ ተወለደ። እንዲህ ያለውን ሕፃን የሚቀብሩት ሴቶች ብቻ ናቸው፤ ወንድ አያይም፣ ምልክት አይደረግም፣ ወሬውም አይነሣም። አዋላጇ ማሊኔዎ ከማጠቢያ ቤቱ ጀርባ፣ ከኮክ ዛፉ ሥር ቀበረችው። ባሏ ቦታውን እንኳ ሳያውቅ ለማዕድን ቁፋሮ ደቡብ አፍሪካ ወርዶ በሳንባ በሽታ ሞተ። ማሌሬኮ ሌላ ልጅ አላገኘችም። በየቀኑ ልብስ አጥባ ስትጨርስ የመጨረሻውን የማለቅለቂያ ውሃ ከኮኩ ሥር ትደፋለች። ለምን ሲሏት «ዛፉ ይጠማዋል» ትላለች።

በሐምሌ አንድ እሑድ፣ ተራራው በረዶ ለብሶ ሳለ፣ ወጣቱ ቄስ አባ ሬታቢሌ ከቅዳሴ በኋላ የምሥራች አሰሙ።

«ሀገረ ስብከቱ ማዋለጃ ሊሠራልን ነው። የታሰበው ከማጠቢያ ቤቱ ጀርባ ባለው ባዶ መሬት ላይ ነው። ግን የእግዚአብሔርን ፈቃድ ሳንጠይቅ ድንጋይ አናነሣም። ዘጠኝ ቀን እንጸልይ። በአሥረኛው ቀን፣ ልቡን የከበደው ሰው ይናገር።»

እልልታው ቀለጠ። ማሌሬኮም እልል አለች። ስንት ሴት ፈረስ ላይ ተጭና ሐኪም ቤት ሳትደርስ እንደቀረች ታውቃለች። ብቻ «ባዶ» የምትለዋን ቃል ልትረሳት አልቻለችም።

ከሰዓት በኋላ ማሊኔዎ ዘንድ ሄደች። አሮጊቷ ብርድ ልብሷን ተከናንባ ፀሐይ ትሞቃለች።

«አንቺ፣ ለአባ ልንገራቸው ወይ?»

«እብድ! ይሄ ለወንድ ይነገራል? ቄስም ቢሆን ወንድ ነው፣ ቀሚሱ አያታልልሽ።»

ሁለቱም ሳቁ። ማሌሬኮ ግን እንባዋን በብርድ ልብሷ ጫፍ ጠረገች።

«እግዚአብሔር ካልፈለገው ራሱ ይከለክላላ» አለች ማሊኔዎ። «እሱ ነጋሪ አያሻውም።»

ማሌሬኮ ዘጠኙንም ቀን ተንበርክካ አንዲት ጸሎት ደገመች። «ጌታዬ፣ ልጄ እንዳይነካ ከፈለግህ አፌን ክፈትልኝ። ዝም ካልኩ ግን ፈቃድህ ነው ብዬ እቀበላለሁ።» እሷ ይህን ስትል ትሕትና መስሏት ነበር። ሲታሰብ ግን የራሷን ሸክም ለእግዚአብሔር ማሸከም ነው።

በአሥረኛው ቀን አባ ሬታቢሌ ጠየቁ። «የከበደው አለ?» ዝም። «አለ ወይ?» ዝም። በሦስተኛው ማሌሬኮ ከአግዳሚው ብድግ አለች። የምእመናኑ ሰብሳቢ፣ ተረበኛው ሴሆሎ ቀደማት።

«እሷንማ የከበዳት የኮኳ ነገር ነው! አይዞሽ፣ መጀመሪያ የሚወለደውን ልጅ ኮክ እንለዋለን!»

ቤተ ክርስቲያኑ በሳቅ ተሞላ። እሷም አብራ ሳቀችና ተቀመጠች። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የእሷ ዝምታ ግን ነቀዘ።

በመስከረም፣ ኮኩ አበባ በአበባ በሆነበት ሰሞን፣ መቆፈሪያው መኪና መጣ። ለአንድ ዛፍ አንድ ጠዋት እንኳ አልፈጀበትም። ገልባጭ መኪናው አፈሩን እየጫነ መንገዱ ዳር ያለውን ገደል ሊሞላበት ወሰደው። ማሌሬኮ የልብስ ሳፋዋን ይዛ ወጣች። ከተረፈው ቁልል ሥር ተንበርክካ አፈር በእጇ ወደ ሳፋው ትዝቅ ጀመር። የቱ የእሱ እንደሆነ አታውቅም።

አባ ሬታቢሌ አይተዋት መጡ። «እማማ፣ ምን ጠፋብዎት?»

«ልጄ ነው፣ አባ።»

«ሌሬኮ? ሌሬኮ ጆሃንስበርግ አይደለም እንዴ? እኔ እኮ ሁልጊዜ እዚያ ሥራ ላይ ያለ ይመስለኝ ነበር።»

«የትም አልሄደም። ሳያለቅስ የተወለደ ነው። እዚህ፣ ከኮኩ ሥር ነበር።»

ቄሱ ባርኔጣቸውን አውልቀው አፈሩ ላይ ተቀመጡ።

«ከትምህርት ቤቱ ማዶም ቦታ ነበረን እኮ። መሐንዲሱ ‹የቱም ይሆናል› ብሎኝ ነበር። አንድ ቃል ቢነግሩኝ…»

«አፌን እንዲከፍትልኝ ለመንኩት። ዝም ሲለኝ ፈቃዱ መሰለኝ።»

«እሱማ ጠይቆዎት ነበር፣ እማማ» አሉ ቀስ ብለው። «ሦስት ጊዜ።»

ይህን በማለታቸው ወዲያው ተጸጸቱ። ማሌሬኮ አፈር የያዘ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ቄሱ ሳፋው ላይ አማትበው የሕፃናት ፍትሐት ጀመሩ።

ገልባጩ መኪና ለቀሪው አፈር ተመልሶ መጣ። ሾፌሩ ጥሩምባውን ነፋና አንገቱን በመስኮት አወጣ።

«የሌሬኮ እናት! ኧረ ዞር በይልኝ፣ ልጫን!»

ሳፋዋን አንሥታ ዞር አለችለት።