ኮሽም ያልሆነው ፍሬ

ከባለቤቴ ከጌትነት ጋር፣ እሱ በጤናው ሳለ፣ ለመጨረሻ ጊዜ አብረን ያደረግነው ነገር ማንጎ መግዛት ነበር። ከአሶሳ ገበያ ስንመለስ በአንድ አዲስ ሆቴል አጥር ላይ የተንዠረገገ ቢጫ ፍሬ አየና «ኮሽም አያምርሽም?» ብሎ ሳቀ። ብዙም ሳይቆይ አረፈ።

ነገሩ የቆየ ነው። አሶሳ በተመደብን በመጀመሪያው ዓመት፣ ሁለታችንም ወጣት መምህራን ሳለን፣ ልጃችንን አርግዤ ኮሽም አማረኝ። ያደግሁበት ደብረ ታቦር አጥሩ ሁሉ ኮሽም ነው፤ ጥርሳችን እስኪጠርስ እየለቀምን እንበላ ነበር። እዚህ ግን ማንጎ እንጂ ኮሽም አላየሁም።

አንድ ቀን ጌትነት ከአንድ መሥሪያ ቤት አጥር የለቀመውን ቢጫ ፍሬ በመሐረብ ቋጥሮ መጣ።

«በይ ብዪ። ልጄ ምልክት ይዞ እንዳይወለድ።»

ገና ሳየው ጠረጠርኩ። ኮሽም በየቅጠሉ ሥር ለብቻው ነው የሚያፈራው፤ ይሄ እንደ ጨሌ ተደርድሮ የሚንጠለጠል ነው። የእያንዳንዱ ጫፍ እንደ ወፍ አፍ ሾሏል። በጥፍሬ ከፈትኩት፤ ያ ምራቅ የሚያስውጥ ሽታ የለውም።

«ኮሽም አይደለም። ቀምሰኸዋል እንዴ?»

«ኧረ አልቀመስኩም።»

ከንፈሩ ዳር ላይ ቢጫ ልጣጭ ተለጥፏል።

ጎረቤታችን እማማ ሀዋ ፍየሎቻቸውን እየነዱ ሲያልፉ መሐረቡን አሳየኋቸው። የበርታ ተወላጅ ናቸው፤ አማርኛ የለመዱት ገበያ ላይ ነው። አንዱን ፍየል ወደ ፍሬው ጎተት አደረጉት፤ አሽትቶ ዞረ።

«ፍየል እንቢ አለ» አሉ። «ባልሽ በላ?»

«አልበላሁም ይላል።»

«ወላሂ በላ። ዓይኑን እይ፣ ሊተኛ ነው።»

እውነትም ዓይኑ ከብዷል። «ደህና ነኝ፣ ሙቀቱ ነው» አለ። አላመንኩትም። ክንዱን ይዤ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድኩት፤ በቀዩ ጭቃ እየተንገዳገደም ደህና ነኝ ይለኛል። በሩ ላይ ስንደርስ አስመለሰው። የወጣው ፍሬ እፍኝ ይሞላ ነበር። ነርሷ አይታ፣ ለአጥር ማስዋቢያ የሚተከል ቁጥቋጦ ፍሬ እንደሆነና እንደሚመርዝ ነገረችን።

ሲሻለው «ለምን ዋሸኸኝ?» አልኩት።

«ለአንቺ ከመስጠቴ በፊት ልሞክረው ብዬ ነው።»

«ይሄን ሁሉ?»

«እርግጠኛ እስክሆን።»

ከዚያ ወዲህ ደህና ነኝ ባለኝ ቁጥር ቃሉን ትቼ ፊቱን ነበር የማየው። መጨረሻ በታመመ ጊዜም ያንኑ አለኝ፤ ያንንም አላመንኩትም፣ ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ያኔ ግን መጠርጠሬ አልጠቀመንም።

ልጃችን አሁን ፓዌ ትሠራለች። ማታ ማታ እደውልላታለሁ። ደህና ነኝ ካለችኝ በኋላም ስልኩን ቶሎ አልዘጋም።