የትኛው ዓይን ይቅደም? ከቢቸና እስከ ሞጣ

ቢቸና፣ ጠዋት 12፡30

ከቢቸና የተነሣነው ለአንድ ጉዳይ ነው። ሞጣ የመጡ ሐኪሞች የዓይን ሞራ ይገፍፋሉ። ዘመቻው ዛሬ ያበቃል፤ ምዝገባው ስድስት ሰዓት ላይ ይዘጋል። ለአንድ ሰው የሚሠራው አንድ ዓይን ብቻ ነው። ታላቅ ወንድሜ ሁለቱም ዓይኖቻቸው በሞራ ተጋርደዋል፤ ዛሬ ካመለጣቸው ሌላ ዘመቻ መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም።

ወንድሜ ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። ጋሼ እላቸዋለሁ። ጡረታ እስኪወጡ ዳኛ ነበሩ። እኔ ስልሳ ስድስት ሞልቶኛል፤ ዕድሜዬን በዘገባ ሥራ አሳልፌአለሁ።

ጋሼ በሩን ቆለፉና አሥር እርምጃ ያህል ሄደው ቆሙ። «ቆልፌዋለሁ?» አሉኝ።

«ቆልፈዋል።»

ተመልሰው ገፍተው አዩት። ከዚያ የጃንጥላው ጉዳይ መጣ። ያዙት፣ አስቀመጡት፣ መልሰው ያዙት። ወሩ ጥቅምት ነው፤ ሰማዩ ላይ ደመና የለም። እኔም ከእሳቸው አልሻልም። መታወቂያዬ መኖሩን ለማረጋገጥ ኪሴን ሦስት ጊዜ ዳሰስኩ። ሦስቱንም ጊዜ ነበረ።

መናኸሪያ ስንደርስ ሁለት ቦታ የቀረው ሚኒባስ አገኘን። ጋሼ ፀሐዩ በየት በኩል እንደሚመጣ እያሰሉ በግራ ይቀመጡ በቀኝ ሲያመነቱ፣ ሁለት ሴቶች ገብተው ተቀመጡ። መኪናው ሄደ። የሚቀጥለው ሞልቶ ሲንቀሳቀስ 2፡10 ሆኗል።

ግንደወይን፣ 3፡40

መንገዱ ደህና ነው። ግራና ቀኙ ቢጫ መሆን የጀመረ ጤፍ ነው። በግራችን ጮቄ ራሱን ደመና ውስጥ ከቶ ቆሟል፤ ለጋሼ ግን ተራራውም ደመናውም አንድ ዓይነት ጭጋግ ነው።

ሹፌሩ ለቁርስ ሃያ ደቂቃ ሰጠን። ጋሼ ሽሮ ይሻላል ፍርፍር እያሉ አሥራ አምስቱን ፈጁ። ፍርፍሩ ሲቀርብ ጥሩምባው ጮኸ። ሁለት ሁለት ጊዜ ጎርሰን ሮጥን።

ከኋላችን የተቀመጠች ነጭ ሽንኩርት ነጋዴ ከዘንቢሏ ዳቦ ቆርሳ ሰጠችን። ጋሼ ሲያመሰግኑ ድምፃቸውን ለየችው።

«ክቡር ዳኛ፣ አላወቁኝም? እናኑ ነኝ። ከባሌ ወንድም ጋር በወሰን ስከራከር የነበርኩት።»

«እንዴ፣ እናኑ! ፈርጄልሽ አልነበር?»

«ፈርደውልኛል፤ ዕድሜ ይስጥዎ። ግን በተለዋጭ ቀጠሮ ሦስት ክረምት ሲያመላልሱኝ እሱዬው ባሕር ዛፌን አንድ በአንድ ቆርጦ ሸጠው። ፍርዱን ይዤ ስሄድ የጠበቀኝ ጉቶ ነው።»

መኪናው በሳቅ ሞላ። ጋሼ አልሳቁም።

«አጣርቼ ልፍረድ ብዬ ነው» አሉ ቀስ ብለው።

«ለማጣራትማ ማን ብሎዎት! ዛሬስ ወዴት ነው?»

«ሞጣ፣ ዓይኔን ልገፈፍ።»

«የትኛውን?»

«ገና አልወሰንኩም።»

ከዚህ በኋላ ተሳፋሪው ሁሉ ችሎት ተቀመጠ። አንዱ ቀኝ ይቀድማል አለ። ሌላው፣ ቢበላሽ እንኳ ቀኙ እንዲተርፍ ግራው ይሞከር አለ። ሹፌሩ በመስታወት እያየ «አባባ፣ ሲደርሱ ይወስናሉ፤ መጀመሪያ እንድረስ» አለ።

ጋሼ ወደ ጆሮዬ ተጠጉ። «ፍርድ ቢሳሳት ይግባኝ አለው። ዓይን ይግባኝ የለውም።»

ሰዓቴን አየሁ።

ቀራኒዮ አቅራቢያ፣ 4፡30

የኋላ ጎማ ፈነዳ። መለዋወጫው አየር አጥሮት ስለነበር የሚነፋ ሰው እስኪገኝ አርባ ደቂቃ ቆምን። ማስታወሻዬ ላይ የጻፍኩት ይህን ብቻ ነው፦ «5፡10። ጋሼ ጃንጥላውን ዘርግተው ፀሐይ ላይ ቆመዋል።»

ሞጣ፣ 5፡48

ከመናኸሪያ በባጃጅ በረርን። ስንደርስ መዝጋቢዋ የመጨረሻውን ገጽ እየሞላች ነበር። የቀረው አንድ መስመር ነው። ከኋላችን አንድ ሽማግሌ በልጃቸው ተደግፈው ቆመዋል።

ሐኪሙ ወጣት ነው። በመብራት አየና «አባቴ፣ ሁለቱም ለመገፈፍ እኩል ደርሰዋል። የትኛው ይቅደም?» አላቸው።

የጋሼ እጅ ወደ ቀኝ ዓይናቸው ተነሣ፤ ወረደ። ወደ ግራው ተነሣ። መዝጋቢዋ ብዕሯን ይዛ ጠበቀች። ከኋላ ያሉት ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ግራው» አሉ ጋሼ። «ጻፊው፣ ልጄ። ባሕር ዛፉ ሳያልቅ።»

መዝጋቢዋ ምን እንደሆነ አልገባትም፤ ጻፈችው።

ከዚያ የስምምነቱ ወረቀት መጣ። ጋሼ በጣታቸው ፈረሙ። ቤተሰብም በምስክርነት ይፈርማል ተባለ። ሠላሳ ዓመት ሰው የጠየቅኩ ሰው ነኝና ጥቂት ነገር ላጣራ አልኩ። ቢመረቅዝስ? ደም ግፊት ቢኖርስ? ዛሬ ስንት ሰው ሠርታችኋል? ሐኪሙ በትዕግሥት መለሰልኝ። ሰባተኛውን ጥያቄ ስጀምር ጋሼ ክንዴን ያዙኝ።

«ምስክሩ ጥያቄ አበዛ» አሉ። «ፈርም፣ አንተ!»

ፈረምኩ። ስድስት ሰዓት ሊሆን ሁለት ደቂቃ ይቀረው ነበር። የፊርማዬ ጭራ ከመስመሩ ወርዷል።

ቢቸና፣ በማግስቱ 9፡00

ጠዋት ሞጣ ላይ ፋሻው ተነሣ። ስንመለስ ጋሼ በመስኮት በኩል ተቀመጡ። ማንንም ሳይጠይቁ። እስከ ግንደወይን ጮቄን ብቻ ያዩ ነበር።

ቤት እንደደረስን ስለ ጉዞው ያሰብኩትን ጻፍኩ። ዕድሜ ሲገፋ በቁልፍና በፍርፍር የምናመነታው ስለ ቁልፍና ስለ ፍርፍር ብለን አይደለም፤ ትልቁን ጥያቄ የምናቆየው በትንንሾቹ ነው። እያቆየነው ግን ጊዜ ባሕር ዛፋችንን ይቆርጣል።

ጋሼ ደብተሬን ተቀብለው በግራ ዓይናቸው ያነቡ ጀመር። ሁለት ዓመት አንድ መስመር አላነበቡም ነበር። የሞጣው ገጽ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

«‹ወንድሜ ፈርተው ነበር› ይላል።»

«አልፈሩም?»

«ፈርቻለሁ። ግን ክንድህን ስይዝ የማን እጅ ነበር የሚንቀጠቀጠው?»

ደብተሩን ተቀበልኳቸው። መስመሩን ሰርዤ «ሁለታችንም ፈርተን ነበር» ብዬ ጻፍኩና መልሼ ሰጠኋቸው። አነበቡት። «አሁን ልክ ነው» አሉ።