ከርከሮ ፊት የፎከርኩ ቀን

ሬዲዮ መጠገንን ማንም አላስተማረኝም። ፒያሳ፣ አንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ፣ የሞተ ሬዲዮ እየፈታሁ እየገጠምኩ ራሴን በራሴ አስተማርኩ። ሌላው ጠጋኝ "አይሆንም፣ ጣለው" ያለውን ሁሉ አናግሬ መልሻለሁ። ሱቄን ለልጄ ከለቀቅኩ በኋላ ደግሞ ቀስት መወርወርን እንዲሁ ተማርኩ። ቀርከሃ ጠርቤ ደጋን ሠራሁ። የበሬ ጅማት አድርቄ ገመዱን አከረርኩ። ጭድ የሞላሁበትን ጆንያ የግቢያችን አጥር ላይ አስደግፌ ስወጋው ከረምኩ። ጎረቤቶቼ ልብስ ማስጣት ፈሩ። በከንቱ ነው፤ ፍላጻዬ ከጆንያው ውጪ አርፎ አያውቅም። አራዳ ውስጥ በእኔ ዕድሜ እንዲህ ያለ እጅ ያለው ሽማግሌ ካለ ይምጣና እንተያይ።

የፍላጻዎቹን ጫፍ የሚስልልኝ አንድ የልጅነት ወዳጄ ነው። አባቱ ከወሎ መጥተው ፒያሳ ወርቅ ሠሪ ሆኑ፤ እሱም ሙያውን ከእሳቸው ወረሰ። እንደኔ በራሱ አልተማረም። ስንገናኝ እንሰዳደባለን፤ ሌላ ሰላምታ አናውቅም።

"የጆንያ ጠላት መጣ!" ይላል ኬክ ቤት ስገባ፣ ማኪያቶ የያዘው ሁሉ እንዲሰማ። "ዛሬስ ስንት ጆንያ ጣልክ?"

"አንድ ቀን ታያለህ። ዘራፍ እያልኩ ነው በዚህ በር የምገባው።"

"ተው እንጂ! ያልገደለ አይፎክርም።"

እውነቱን ነው። በአባቶቻችን ወግ ፉከራ የገዳይ ነው፤ ዘራፍ ለማለት መጀመሪያ የጣሉት ነገር ያስፈልጋል። ያቺ ንግግር ግን አንገበገበችኝ።

ከእንጦጦ ማዶ፣ ከመንግሥት ደን ጥግ፣ ድንች የሚያመርት አንድ ገበሬ አትክልት ተራ ሲመጣ አወራልኝ። ከርከሮ ማሳውን ገልብጦ ጨርሶበታል። የደኑ ጠባቂዎች አውሬውን እንዲያጠፋ ፈቅደውለት ጠመንጃ ግን ከልክለውታል።

"ቀስትስ?" አልኩት።

ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ወዳጄ ይህን ሲሰማ፣ "ብቻህን ሄደህ ገደልኩ ብትል ማን ያምንሃል? ምስክርህ እኔ ነኝ" ብሎ ተነሳ። በማለዳ ታክሲ ያዝን። ደጋኑን በጋቢ ጠቅልዬ በጉልበቴ መሃል አቁሜዋለሁ።

"ፋዘር፣ ምንድን ነው እሱ?" አለ ረዳቱ።

"የመጋረጃ ዘንግ ነው" አለ ወዳጄ ቀድሞኝ። "ሙሽራ ሊያስገባ ነው።"

ታክሲው በሙሉ ሳቀ። የዚያ ቀን ሳቃችን እዚያው አለቀ።

ደኑ ውስጥ ስንገባ መጀመሪያ የጠፋው ድምፅ ነው። ዕድሜዬን በሚንጫጫና በሚንሾካሾክ ነገር መሃል የኖርኩ ሰው ነኝ። ሬዲዮ በድንገት ጭጭ ሲል አንድ ነገር እንደተቃጠለ አውቃለሁ። እዚያም ባሕር ዛፉ ሁሉ ጭጭ ብሎ ነበር። አፈሩ እዚህም እዚያም ተገልብጧል፤ ገና እርጥብ ነው። ብቻዬን ብሆን ኖሮ እመለስ ነበር። ምስክር ክፉ ነገር ነው።

ከአንድ ጉቶ ሥር ጉድጓድ አገኘን። ወዳጄ የወርቅ ጥራት እንደሚመረምር ሰው ጎንበስ ብሎ አየ።

"ባዶ ነው" ብሎ ቀና ከማለቱ ጉድጓዱ የፈነዳ መሰለኝ።

ከርከሮው በወዳጄ እግሮች መሃል ገብቶ አንስቶ ጣለው። ክራንቻው ጭኑን ሲተለትል ጨርቅ ሲቀደድ ሰማሁ፤ ዛሬም በልብስ ሰፊ ደጃፍ ሳልፍ ያ ድምፅ ያስበረግገኛል። አውሬው አልሸሸም። ትንሽ ራቅ ብሎ ዞረና አንገቱን ደፍቶ የወደቀውን ወዳጄን ተመለከተ።

ደጋኑን ሳብኩ። ሁለቱ በአንድ መስመር ላይ ናቸው፤ ብለቀው ማንን እንደምመታ አላውቅም። ወዳጄ ዓይኑን እኔ ላይ ተክሏል። እጄም እግሬም እምቢ ሲሉ አፌ ብቻ ታዘዘኝ።

"ዘራፍ! ዘራፍ! የሞተ ሬዲዮ ነክቶ አናጋሪ! ወደኔ ዙር አንተ ድንች ቆፋሪ!"

ዞረ። እነዚያ ትንንሽ ዓይኖች እኔን ያዙኝ። መጣ። ፍላጻውን ለቀቅኩት። ባሕር ዛፍ መታሁ፤ መሃሉን ግን ነው የመታሁት። አውሬው የለበስኩትን ኮት ታክኮ አለፈና ቁጥቋጦ ውስጥ ገብቶ ቆመ። ሲተነፍስ ይሰማኛል።

የወዳጄ ደም ቅጠሉን ያርሰዋል። ፎጣዬን ባስርበት ወዲያው ራሰ። ጠንካራ ማሰሪያ ያለኝ የደጋኑ ጅማት ብቻ ነበር። በቢላ ቆረጥኩት።

"ምን አደረግክ? አሁን በምን ልትወረውር ነው?" አለኝ፤ ከንፈሩ አመድ መስሏል።

"ዝም ብለህ እግርህን ስጠኝ።"

ጭኑን ከቁስሉ በላይ ጠፍሬ አሰርኩት። ከዚያ እሱን ደግፌ፣ ደጋኑን ምርኩዝ አድርጌ፣ አውሬው እንዳይቀርብ እየፎከርኩ ቁልቁል ወረድን። ከጎናችን ቅጠሉ ኮሽ ይላል። ስንቆም ይቆማል። ስንሄድ ይሄዳል። ትንፋሽ አጥሮኝ ፉከራዬን ሳቋርጥ ኮሽታው ቀረበ።

"አታቋርጥ!" አለኝ ወዳጄ።

"ቃል አለቀብኝ።"

"አንተ? ስለ ራስህ የምታወራው አልቆብህ ያውቃል?"

ቀጠልኩ። የጠገንኩትን ሬዲዮ ሁሉ ዘረዘርኩ። ያልጠገንኩትንም ጨመርኩ። ድምፄ ተሰነጣጥቆ እንደ ተበላሸ ጣቢያ ሲሆን ገበሬው ከማሳው ሰምቶን እየሮጠ መጣ። የድንች መኪናው ላይ ጭኖን ወደ ከተማ ወረድን። ወዳጄ የተኛው ጆንያ ላይ ነበር። ስለ ጆንያ አንድም ቀልድ አልወጣውም። ምኒልክ አደባባይ እስክንደርስ ድረስ ትንፋሹን ለማየት ጣቴን ከአፍንጫው ሥር አላነሳሁም።

ሕክምና ቤት ነርሷ ጅማቱን ፈትታ ቁስሉን አየችው። ትልቁ ደም ሥር እንደተረፈ ነገረችን፤ ግን ብዙ ይሰፋል። መርፌውን ስታነሳ ወዳጄ እጄን ያዘ። እጁ በረዶ ነው።

"በል" አለኝ።

"ምን ልበል?"

"ፎክርልኝ።"

"ምን ገድዬ?"

"በል ብዬሃለሁ!"

ጆሮው ላይ ጎንበስ ብዬ፣ በተረፈችኝ ድምፅ፣ ዘራፍ አልኩ። ነርሷ ግራ ገብቷት ቀና አለች።

"አባቴ፣ ምን እያሏቸው ነው?"

"ዱዓ ነው፣ ልጄ" አላት ወዳጄ ዓይኑን ጨፍኖ። "አንቺ ስፊ።"

እስክትጨርስ ድረስ አላቋረጥኩም።